የጀልባ ሞተር ጉልበት ሲያጣ፦ ሳይፈታ ውስጡን መመርመር

ምልክቱ፦ ሞተሩ ይነሳል፣ ባዶ ጀልባም ይገፋል። ሰው ሲጫን ግን ጋዝ ቢሰጠውም አይፈጥንም።

ቤንዚኑ ንጹህ ከሆነና ፕሮፔለሩም ካልተጎዳ፣ ቀጣዩ ሥራ ኮምፕሬሽን (ፒስተኑ በሲሊንደሩ ውስጥ አየሩን ሲያምቅ የሚፈጠረውን ግፊት) መለካት ነው። ሞተሩን በርሜል ውሃ ውስጥ አስነስታችሁ አሙቁት፤ በደረቁ ማስነሳት የውሃ ፓምፑን ጎማ በሰከንዶች ውስጥ ይበላዋል። አጥፉና ካንዴላዎቹን (ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥሉትን) በሙሉ ንቀሉ፤ የየትኛው ሲሊንደር እንደሆኑ እንዳይምታታ በተርታ አስቀምጧቸው። የካንዴላ ገመዶቹን ከሞተሩ ብረት ጋር አገናኙ። የኮምፕሬሽን መለኪያውን በአንዱ ሲሊንደር የካንዴላ ቀዳዳ ላይ ግጠሙ። ጋዙን እስከ መጨረሻው ከፍታችሁ፣ የመለኪያው መርፌ መውጣት እስኪያቆም የማስነሻውን ገመድ 5 ወይም 6 ጊዜ ሳቡ። ለሁሉም ሲሊንደር እኩል ጊዜ ይሳብ።

ብዙዎች የሚሳሳቱት ቁጥሩን ሲያነቡ ነው። የአምራቹ መጽሐፍ ላይ ያለው ቁጥር በአብዛኛው ለባሕር ጠለል የተጻፈ ነው። ሐዋሳ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሩ ሳስቶ ንባቡ 18 በመቶ ያህል ይወርዳል። መጽሐፉ 120 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) ካለ እዚህ 98 አካባቢ ጤነኛ ነው። ይህን አይቶ «ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) አልቋል» ብሎ ሞተር ማስፈታት ብር መጣል ነው። የሚያሳስበው የሲሊንደሮቹ ልዩነት ነው፦ 98 እና 95 ከሆነ ተዉት፤ 98 እና 75 ከሆነ ግን ችግር አለ።

በፎር ስትሮክ (ዘይቱ ከቤንዚን ጋር በማይቀላቀልበት) ሞተር ምክንያቱን ለመለየት ዝቅ ባለው ሲሊንደር አንድ የሻይ ማንኪያ የሞተር ዘይት ጨምራችሁ ድገሙት። ንባቡ ከጨመረ ፋሻው ነው። ካልተነቃነቀ ቫልቭ ወይም የቴስታታ (የሲሊንደሮቹ ክዳን) ጋስኬት ነው፤ ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ሲሊንደሮች አብረው ከወረዱ ጋስኬቱን ቀድማችሁ ጠርጥሩ። ቱ ስትሮክ (ዘይት ከቤንዚን ጋር የሚቀላቀልበት) ሞተር ላይ ይህ የዘይት ፈተና ብዙም አይታመንም፤ ካንዴላው ይበልጥ ይናገራል።

የካንዴላው ጫፍ ፈካ ያለ ቡኒ ከሆነ ደህና ነው። ጥቁርና እርጥብ ከሆነ ቤንዚን በዝቶበታል፤ በዚህ ከፍታ ካርቡሬተሩ አነስ ያለ ጄት (ቤንዚን የሚያልፍበት ቀጭን ቀዳዳ) ሊፈልግ ይችላል። ነጭ ሆኖ ጥቃቅን የብረት ፍንጣሪ ከያዘ ሞተሩን አታስነሱ፤ ፒስተኑ መቅለጥ ጀምሯል። መንስኤው ብዙ ጊዜ የተደፈነ ጄት ወይም ያነሰ ዘይት ነው (50 ለ 1 ለሚል ቱ ስትሮክ ሞተር በ1 ሊትር ቤንዚን 20 ሚሊ ሊትር)። ከሌሎቹ ተለይቶ ታጥቦ የወጣ የመሰለ ካንዴላ ካለ፣ እዚያ ሲሊንደር ውሃ ይገባል።

የማርሽ ዘይቱ ወተት ከመሰለ፦ ውሃ ገብቶበታል። ዓሣ በሚጠመድበት ሐይቅ የተለመደው ጥፋተኛ ከፕሮፔለሩ ኋላ ተጠምጥሞ ኦይል ሲሉን (ዘይት እንዳይወጣ ውሃም እንዳይገባ የሚያሽገውን ጎማ) የቆረጠ የመረብ ክር ነው። ፕሮፔለሩን አውጡ፣ ክሩን ቁረጡ፣ ኦይል ሲሉን ቀይሩ። አዲሱን ዘይት ከማርሽ ቤቱ ታችኛው ቀዳዳ ግፉት፤ በላይኛው ቀዳዳ አረፋ የሌለው ዘይት ሲፈስ መጀመሪያ የላይኛውን ዝጉ፣ ከዚያ የታችኛውን። የሁለቱም ብሎኖች ማሸጊያ ቀለበት አዲስ ይሁን።