ግራ እጃችሁ ኮርድ እምቢ ካላችሁ

ኪቦርድ ጀማሪ ሆናችሁ ቀኝ እጃችሁ ዜማውን እየመታ ግራው ኮርድ (አብረው የሚመቱ ድምፆች) ፍለጋ የሚደናበር ከሆነ ያማሃ ላይ ኤሲኤምፒን (ACMP፣ አጃቢውን የሚያበራውን በተን) አብሩና ሲንግል ፊንገር ወይም መልቲ ፊንገር የሚለውን ምረጡ። ኤ የምትባለውን ቁልፍ ብቻ ስትጫኑ ኤ ሜጀር ኮርድ ነው፣ በስተግራዋ ያለችውን ቅርብ ጥቁር ስትጨምሩ ኤ ማይነር፣ በጥቁሯ ፋንታ ቅርቧን ነጭ ከያዛችሁ ኤ ሰቨን፣ ሁለቱንም ከጨመራችሁ ማይነር ሰቨን፣ በቃ። መሣሪያው እኮ ጆሮ የለውም፣ ከስፕሊቱ (ኪቦርዱ ለግራና ለቀኝ እጅ ከሚከፈልበት ቦታ) በግራ የትኞቹ ቁልፎች እንደተያዙ ብቻ አይቶ ተዘጋጅቶ የተቀመጠውን ቤዝና ጊታር ወደዛ ኮርድ ያዞረዋል፣ እጃችሁን ብታነሱም አዲስ ኮርድ እስክትሰጡት በዛው ይቀጥላል።

ካሲዮ ላይ ግን አቅጣጫው ወደ ቀኝ ነው፣ ከዋናው ቁልፍ በቀኝ የፈለጋችሁትን አንድ ብትጨምሩ ማይነር፣ ሁለት ብትጨምሩ ሰቨን፣ ሦስት ብትጨምሩ ማይነር ሰቨን።

እዚህ ደብረ ማርቆስ ሰርግ ላይ ትዝታ ማይነር ስጫወት ኤ ማይነር ይዤ ብዙ እሄዳለሁ። አንቺሆዬ ሲመጣ ግን አትሞክሩት፣ የቅኝቱ አምስተኛ (ፊፍዝ የሚባለው ድምፅ) ዝቅ ያለ ስለሆነ ከኮርዱ ጋር ይጣላል፣ ጆሮ ያማል። ያኔ ኤሲኤምፒን አጥፉና ከበሮው ብቻ ይሂድ።