ዲስኩ ባዶ፣ መልእክቱ ግን «ቦታ የለም»

ሰሞኑን የሊኑክስ ከርነልን (የኦፕሬቲንግ ሲስተሙን እምብርት) ራሴ ኮምፓይል ላድርግ፣ ማለትም ከኮዱ ወደሚሠራ ፕሮግራም ልቀይር ብዬ ተነሳሁ። ሶርስ ኮዱን አወረድኩና እንደ ልማዴ «ቴምፕ» (/tmp) በሚባለው የጊዜያዊ ፋይሎች ፎልደር ውስጥ ከታሸገበት ፈታሁት። «ሜክ» (make) የሚለውን የኮምፓይል ማድረጊያ ትእዛዝ ሰጥቼ ቡና ላፈላ ሄድኩ። ስመለስ ቆሟል። ቦታ የለም ይላል። እንዴት ሆኖ? ዲስኬ ላይ ከ100 ጊጋባይት በላይ ባዶ አለ!

ግማሽ ቀን በላብኝ። ፋይሉ ተበላሽቶ ይሆናል ብዬ እንደገና አወረድኩት፤ ካርዴን ጨረሰው እንጂ ለውጥ የለም። በመጨረሻ ባዶ ቦታ የሚያሳየውን «ዲኤፍ» (df) የሚለውን ትእዛዝ ቴምፕ ላይ ሞከርኩ። ያኔ ገባኝ። እኔ በምጠቀመው የሊኑክስ ዓይነት፣ በዴቢያን 13 ላይ፣ ቴምፕ የሚቀመጠው ዲስክ ላይ ሳይሆን ራም (የማሽኑ ጊዜያዊ ሜሞሪ) ላይ ነው። ጣሪያው ደግሞ የራሙ ግማሽ ነው። የእኔ ላፕቶፕ ራሙ 4 ጊጋ ስለሆነ ያለኝ 2 ጊጋ ብቻ ነው። የከርነሉ ኮድ ገና ሲፈታ ብቻውን ከ1 ጊጋ በላይ ይይዛል። ባይሞላም እንኳ ማሽኑ አንዴ ቢጠፋ ሁሉም ብን ይል ነበር።

ሆም (የራሴ ፋይሎች ያሉበት ፎልደር) ውስጥ «ኤስአርሲ» (src) የሚል ፎልደር ከፈትኩ፣ እዚያ ፈታሁት፣ አለቀ። «ዩዝር» (/usr) በሚባለው የሲስተሙ ፎልደር ስር ያለውን ኤስአርሲ አልነካሁም፤ እሱ የዲስትሮው (የዴቢያን) ፓኬጆች ቦታ ነው። ሆም ውስጥ ስሠራ ሱዶ (የአስተዳዳሪ ፈቃድ የሚሰጠው ትእዛዝ) የሚያስፈልገኝ መጨረሻ ላይ ስጭን ብቻ ነው። የሌሎች ፕሮግራሞችንም ኮድ ከጫንኩ በኋላ አላጠፋም። ብዙዎቹን በ«ሜክ አንኢንስቶል» ለማንሳት ያው ፎልደር ያስፈልጋል።