ፔስሜከር ክላስተር ላይ አፕሊኬሽን ሲያስቸግር፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱ፣ መፍትሄው

ሌሊት ተደውሎ «ሲስተሙ ቆሟል» ሲባል እጅ ቀድሞ የሚሮጠው ወደ ሪስታርት ነው። ክላስተር ላይ ግን፣ ማለትም ብዙ ሰርቨሮች ተጋግዘው አንድን አፕሊኬሽን በሚያቆዩበት ቦታ፣ ይህ ልማድ ነገር ያባብሳል። ክላስተሩን የሚመራው ፕሮግራም ፔስሜከር ባለበት ቤት አፕሊኬሽን የማስነሳትና የማቆም ስልጣን የእሱ ብቻ ነው፤ ኮሮሲንክ ደግሞ ሰርቨሮቹ እርስ በርስ መደማመጣቸውን ይከታተላል። ከጎን ገብተን በሲስተምዲ (ሊኑክስ ላይ ፕሮግራሞችን በሚያስነሳው) ትእዛዝ «ሲስተምሲቲኤል ሪስታርት» ስንል ፔስሜከር የሚያየው አፕሊኬሽኑ ሳይታሰብ መሞቱን ነው፤ እሱም በበኩሉ ማስነሳት ይጀምራል፣ አንድ መሪ ለሁለት ይጨበጣል። በእጅ መንካት ግድ ከሆነ አስቀድማችሁ ክላስተሩን ሜንተናንስ ሞድ (ፔስሜከር እጁን የሚያነሳበት ሁኔታ) ውስጥ አስገቡት።

ከሁሉ በፊት፣ ክላስተሩን በምናዝበት በፒሲኤስ፣ «ፒሲኤስ ስታተስ» ብላችሁ እስከ ታች አንብቡ። ብዙ ሰው ከላይ ያለውን «ኦንላይን» አይቶ ይተወዋል፤ ቁም ነገሩ ያለው ግን ከታች፣ የከሸፉት ስራዎች የተዘረዘሩበት ቦታ ላይ ነው። ማስነሳት ነው የከሸፈው፣ ማቆም ነው፣ ወይስ ክትትል? በየትኛው ኖድ (የክላስተሩ አባል ሰርቨር)? ስንት ሰዓት ላይ? የመልስ ቁጥሩም ይናገራል፦ 7 ከሆነ አፕሊኬሽኑ እየሰራ አይደለም፣ 5 ከሆነ የሚያስፈልገው ፕሮግራም ኖዱ ላይ አልተጫነም፣ 6 ከሆነ ኮንፊገሬሽኑ ተሳስቷል። 5ን ደጋግሜ ያየሁት አዲስ ኖድ ሲጨመር ነው፤ ሰው ኖዱን ከክላስተሩ ጋር ያገናኝና የአፕሊኬሽኑን ፓኬጅ መጫን ይረሳል።

ምልክት፦ ኖዶቹ ኦንላይን ናቸው፣ ሪሶርሶቹ (ፔስሜከር የሚያስተዳድራቸው አፕሊኬሽን፣ ዲስክና የመሳሰሉት) ግን ሁሉም «ስቶፕድ» ይላሉ

ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ ከሁለቱ አንዱ ነው። አንደኛው ፌንሲንግ አለመዋቀሩ ነው። ፔስሜከር መልስ የማይሰጥ ኖድን በኃይል የሚያጠፋበት መንገድ ካልተሰጠው ምንም ነገር አያስነሳም። እዚህ ላይ ኢንተርኔት ላይ የሚገኘው አቋራጭ «ስቶኒዝን ፎልስ አድርገው»፣ ማለትም ፌንሲንግን ዝጋው፣ የሚል ነው። ለሙከራ ማሽን ካልሆነ አታድርጉት። ሁለት ሰርቨሮች አንድን የኤክስኤፍኤስ (በአንድ ጊዜ በአንድ ሰርቨር ብቻ የሚያዝ ፋይልሲስተም) ዲስክ በአንድ ጊዜ ማውንት ካደረጉ ዳታው ይበላሻል፤ ከዚያ በኋላ የቀራችሁ ባካፕ ብቻ ነው።

ሁለተኛው ኮረም ነው። ክላስተሩ እንዲሰራ ከግማሽ በላይ ድምፅ ያስፈልገዋል፤ ከ3 ኖድ 2፣ ከ5 ደግሞ 3። ባለ 2 ኖድ ክላስተር ልዩ አደራረግ አለው፤ አንዱ ቢወድቅ ሌላው ብቻውን ይቀጥላል። ነገር ግን ሁለቱም ጠፍተው ሲነሱ፣ ለምሳሌ መብራት ሄዶ ሲመጣ፣ ቀድሞ የተነሳው ሁለተኛውን እስኪያይ ድረስ ይጠብቃል። ይህ ብልሽት አይደለም፣ ጥበቃ ነው። ሁለተኛውን ኖድ አስነሱት። የማይነሳ ከሆነና መጥፋቱን በአይናችሁ ካረጋገጣችሁ «ፒሲኤስ ኮረም አንብሎክ» መጠበቁን ያስቀርላችኋል።

ምልክት፦ ተጠባባቂውን ሰርቨር ሪቡት ስናደርግ በዋናው ላይ ያለው አፕሊኬሽን ይቋረጣል

ግራ የሚያጋባ ነገር ነው፤ የነካነው አንዱን፣ የወደቀው ሌላው። ተጠባባቂው ሲነሳ ሲስተምዲ አፕሊኬሽኑን ከቡት ጋር አብሮ አስነስቶታል። ፔስሜከር አዲስ የገባውን ኖድ ሲፈትሽ አፕሊኬሽኑን በሁለት ቦታ ያገኘዋል፤ ሌላ ካልታዘዘ በስተቀር ሁለቱንም አቁሞ በአንዱ ላይ ብቻ እንደገና ያስነሳል። መፍትሄው በሁሉም ኖዶች ላይ «ሲስተምሲቲኤል ዲሴብል» ማድረግ ነው። ክሮን (ስራዎችን በተወሰነ ሰዓት የሚያስነሳው) ውስጥ የተረሳ የማስነሻ ስክሪፕት ካለም ፈልጉ። የዌብ ሰርቨሩን አፓቼን በክላስተሩ ኤጀንት (ፔስሜከር አፕሊኬሽኑን የሚያስነሳበት፣ የሚያቆምበትና የሚከታተልበት ስክሪፕት) የምታስተዳድሩ ከሆነ፣ ሎጎችን የሚያድሰውን የሎግሮቴትን ፋይል አንድ ጊዜ ክፈቱት፤ እዚያ ያለው የሲስተምሲቲኤል ሪሎድ መስመር ሲስተምዲ ያላስነሳውን አፓቼ ስለማያገኘው ሎጉ በትክክል አይታደስም።

ምልክት፦ ኖዱ «ዝም ብሎ» ሪቡት ያደርጋል

ከሁሉ በላይ ሰው የሚያስጨንቀው ይህ ነው፤ ሃርድዌር ተጠርጥሮ ሜሞሪ ሲቀየር አይቻለሁ። ዝም ብሎ ግን አይደለም። አንድ አፕሊኬሽን አልነሳም ቢል ፔስሜከር ወደ ሌላ ኖድ ይወስደዋል፣ ነገሩ ያበቃል። አልቆምም ቢል ግን ወደ ሌላ ሊወስደው አይችልም፤ እዚህ ሳይቆም እዚያ ማስነሳት ሁለት ቦታ ማሮጥ ነውና። የቀረው መንገድ ኖዱን ራሱን ማጥፋት ነው። የማቆም ስራ ሲከሽፍ ፌንሲንግ የሚመጣው ለዚህ ነው።

እኛ የገጠመን ይህ ነበር። ለአንድ የጃቫ አፕሊኬሽን በራሳችን በጻፍነው ኤጀንት ላይ የማቆሚያ ጊዜ አልወሰንንም፤ ጊዜ ካልተሰጠው ፔስሜከር 20 ሰከንድ ይወስዳል። በሙከራ ጊዜ አፕሊኬሽኑ በ6 ሰከንድ ይቆም ስለነበር ማንም አላሰበበትም። በወሩ መጨረሻ፣ ወረፋው ሞልቶ እያለ፣ ለፓች ብለን ኖዱን ስታንድባይ አደረግነው፣ ማለትም አፕሊኬሽኖቹን እንዲለቅ አዘዝነው። አፕሊኬሽኑ የጀመራቸውን ሂሳቦች ሊጨርስ ሲሞክር 20 ሰከንዱ አለቀ፣ ክላስተሩም ሰርቨሩን አጠፋው። ያለቀውንና ያላለቀውን ሂሳብ ስንለይ ነጋብን።

ስለዚህ የማቆሚያ ጊዜን በቀዝቃዛ ሰዓት አትለኩ። ስራ በሚበዛበት ቀን ስንት ሰከንድ እንደሚወስድ እዩ፤ 45 ከሆነ 150 ስጡት። መብዛቱ አይጎዳም፤ አፕሊኬሽኑ ቀድሞ ከቆመ ክላስተሩ ትርፉን አይጠብቅም። ኤጀንት ስትጽፉም አንድ ነገር አትርሱ፦ ቀድሞ የቆመን አፕሊኬሽን «ቁም» ሲባል 0 መመለስ አለበት። ስህተት ከመለሰ ደህናው ኖድ ይጠፋል።

ዲስክም እንዲሁ ያደርጋል። የፋይልሲስተም ኤጀንቱ ማውንቱን የያዙ ፕሮሰሶችን ራሱ ይገድላል፤ በውስጡ ሌላ ዲስክ ማውንት ከተደረገ ወይም ከርነሉ በኤንኤፍኤስ (በኔትወርክ ፋይል መጋሪያ) ካጋራው ግን የሚገደል ፕሮሰስ የለም፣ ዲስኩም አይለቅም። እነዚህን በዚያው ግሩፕ ውስጥ ከዲስኩ ቀጥለው አስገቧቸው። ግሩፕ በተጻፈበት ቅደም ተከተል ይነሳል፣ ከኋላ ወደፊት ይቆማል።

ምልክት፦ አፕሊኬሽኑ ወደ አንዱ ኖድ በፍጹም አልሄድም ይላል

ሁለት ነገር እዩ። መጀመሪያ «ፒሲኤስ ሪሶርስ ፌይልካውንት»። አንድ ጊዜ መነሳት ካቃተው ለዚያ ኖድ ቆጠራው ኢንፊኒቲ ይሆናል፣ ኖዱም ይዘጋበታል፤ ጊዜ ካልተወሰነለት በራሱ አይሰረዝም። ምክንያቱን አስተካክላችሁ «ፒሲኤስ ሪሶርስ ክሊንአፕ» በሉ። ክሊንአፕ የሚያጠፋው መዝገቡን እንጂ ችግሩን አይደለም። ቀጥሎ «ፒሲኤስ ኮንስትሬይንት»። በቆዩት የፒሲኤስ ቅጂዎች «ሙቭ» ያለ ሰው ሁሉ «ሲኤልአይ» በሚል የሚጀምር እገዳ ትቶ ይሄዳል፤ ከወራት በኋላ ማንም አያስታውሰውም። «ፒሲኤስ ሪሶርስ ክሊር» ያነሳዋል።

ምልክት፦ አፓቼ ይሰራል፣ ክላስተሩ ግን ወድቋል ይላል

ኤጀንቱ የሚጠይቀው የሰርቨር ስታተስን ገጽ ነው። ገጹ ካልተከፈተ ወይም ከሎካልሆስት ሲጠየቅ ክልክል ካለ ክትትሉ ይከሽፋል። ገጹን በእያንዳንዱ ኖድ ላይ ክፈቱት።

ምልክት፦ አንዱ ሰርቨር መብራት ጠፍቶበታል፣ ሌላው ግን ስራውን አይረከብም

ሰርቨሩ «አንክሊን» ተብሎ ይታያል፣ ሪሶርሶቹ ባሉበት ደርቀዋል። ምክንያቱ ፌንሲንጉ አይፒኤምአይ (ሰርቨሩ ውስጥ ያለ የርቀት ማብሪያና ማጥፊያ) ብቻ መሆኑ ነው። አይፒኤምአይ የሚበላው የዚያኑ ሰርቨር መብራት ነው፤ ዩፒኤሱ ሲሞት አብሮ ይሞታል። በህይወት ያለው ኖድ «አጥፋው» ብሎ ይልካል፣ መልስ የለም። ኬብሉ የተቋረጠ ሰርቨርና የሞተ ሰርቨር ከውጭ ሲታዩ አንድ ናቸው፣ ሁለቱም ዝም ይላሉ። ስለዚህ ክላስተሩ አይደፍርም፣ መጠበቁም ትክክል ነው። መብራት በሚቆራረጥበት አገር ይህን የዲዛይን ጉድለት ከመጀመሪያው ቀን ማሰብ አለብን።

ሁለተኛ የፌንሲንግ ደረጃ ጨምሩ። በኔትወርክ የሚታዘዝ ፒዲዩ (የመብራት ማከፋፈያ) አንዱ ነው፤ ሰርቨሩ ሁለት ፓወር ሰፕላይ ካለው ሁለቱንም መውጫዎች በአንድ ደረጃ ውስጥ አስገቡ፣ አለዚያ አንዱ ሲዘጋ በሌላው እየሰራ ይቀጥላል። የጋራ ስቶሬጅና የሃርድዌር ዋችዶግ (ሰርቨሩ ሲደነዝዝ ሪቡት የሚያደርገው ሰዓት ቆጣሪ) ካላችሁ ኤስቢዲን፣ በጋራ ዲስክ በኩል የሚሰራውን ፌንሲንግ፣ እመርጣለሁ፤ የመጥፊያ መልእክቱ ዲስኩ ላይ ይጻፍና የተወሰነው ጊዜ ሲያልፍ ያኛው ኖድ እንደጠፋ ይቆጠራል፣ መብራት ኖረው አልኖረው። ስቶሬጁ ግን ከሰርቨሩ በተለየ ዩፒኤስ ላይ ይሁን።

ይህ ሳይኖር ሌሊቱ ከደረሰባችሁ «ፒሲኤስ ስቶኒዝ ኮንፈርም» የሚል ትእዛዝ አለ፤ ትርጉሙ «ያኛው ሰርቨር መጥፋቱን እኔ አረጋግጣለሁ» ነው። ከቤት ሆናችሁ ፒንግ አልመልስ ስላለ ብቻ አትጻፉት። ጥበቃውን ደውላችሁ ቀስቅሱ፣ ሰርቨር ሩሙ ይከፈት፣ ሁለቱም የመብራት ገመዶች ይነቀሉ፣ የሰርቨሩን ስም ከተለጠፈው ወረቀት ላይ ያንብብላችሁ። ከዚያ ጻፉት።