ባዝራይቱ ጣለችው፤ ፒሲአሩ ምን ይላል? ከምልክቱ እስከ መፍትሄው

ከባሕር ዳር ወደ ሐሙሲት በሚወስደው መንገድ ዳር ካለች መንደር ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ስልክ ተደወለልኝ። «ዶክተር፣ ባዝራይቱ ጣለችው» አሉኝ አባወራው፤ ድምፃቸው ሐዘን የገባበት ቤት ድምፅ ነበር። የፈረስ እርግዝና 11 ወር ገደማ ነው፤ እሷ ዘጠነኛዋን ጨርሳ ነበር። ስደርስ ጭንጋፉ ሽፋኑን እንደለበሰ ጭዱ ላይ ተኝቷል። አልሸተተም፣ አልበሰበሰም፣ ትናንት ማታ በሕይወት የነበረ ይመስላል። የአባወራው እናት በር ላይ ቆመው «የሰው ዓይን ነው ልጄ፤ ገበያ ይዟት ወጥቶ ነው» አሉ።

ጓንት አጥልቄ ከፈትሁት። ደረቱ ቢጫ ውኃ አቁሯል። ጉበቱ ላይ ከጤፍ ፍሬ የማይበልጡ ነጫጭ ነጠብጣቦች ተበትነዋል። እንዲህ ያለውን ጉበት ያየ ባለሙያ ልቡ ወደ ፈረስ ሄርፒስ ቫይረስ፣ ማለትም ወደ ኢኤችቪ-1 ይሄዳል። በሽታውን በስሙ ለመጥራት ግን የቫይረሱ ዘረ መል በፒሲአር፣ ማለትም በላቦራቶሪ የዘረ መል ምርመራ፣ መገኘት አለበት። ከዚህ በታች የምጽፈው የእርባታ ባዝራና ድንጉላ ላላችሁ፣ በየቀበሌው የእንስሳት ጤና ክሊኒክ ለምትሠሩ ወንድምና እህቶቼም ነው። በእኔ ልምድ የምርመራው ዕድል ከማሽኑ ይልቅ ጭዱ ላይ፣ በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሰዓታት ይወሰናል።

ምልክት፦ ባዝራ ሳትታመም፣ ሳትደክም፣ በመጨረሻዎቹ ወራት በድንገት ትጥላለች

ምክንያት። ኢኤችቪ-1 የሚገባው በአፍንጫ ነው። ባዝራይቱ ትንሽ ታስላለች፣ ትንሽ ንፍጥ ይታይባታል፣ ወይም ምንም አይታይባትም። ቫይረሱ ከአፍንጫዋ ወደ ደም ሥሯ ይዘልቅና የማሕፀኗን ደም ሥሮች ያቆስላል፤ የእንግዴ ልጁ ይላቀቃል፣ ሽሉ ይታፈናል። ከተያዘችበት ቀን እስከምትጥልበት ቀን ድረስ ከሁለት ሳምንት እስከ ብዙ ወራት ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ እማማ ገበያውን ያነሱት በከንቱ አልነበረም። ሦስት ሳምንት ቀደም ብሎ ባዝራይቱ ቅዳሜ ገበያ ውላ፣ ከማታውቃቸው ፈረሶች ጋር አፍንጫ ለአፍንጫ ተነካክታ፣ ከአንድ ገንዳ ጠጥታ ነበር።

ሌላም መንገድ አለ። ቫይረሱ አንዴ የያዘው ፈረስ ዕድሜውን ሙሉ ይሸከመዋል፤ በደም ነጭ ሕዋሳትና በፊት ነርቭ ውስጥ ተኝቶ ይቆያል። ረዥም ጉዞ፣ ረሃብ፣ ከባድ ጋሪ፣ ወደ አዲስ መንጋ መቀላቀል ይቀሰቅሰዋል። እንግዳ ሳይገባበት በኖረ ጋጣ ውስጥ ማስጣል የሚነሳው በዚህ ነው።

የሚጥል ሁሉ ግን ሄርፒስ አይደለም። መንታ ማርገዝ ለባዝራ ትልቅ ፈተና ነው፤ ማሕፀኗ ሁለት አይችልም። ሳልሞኔላና ሌፕቶስፒራ የሚባሉ ባክቴሪያዎች፣ እስከ መጨረሻው ወር ጋሪ መጎተትም አለ። የበሰበሰ ጭንጋፍ ካያችሁ ሐሳባችሁን ከሄርፒስ ውጭም ዘርጉት።

መፍትሄ። መጀመሪያ ውሻ አስሩ። ጭንጋፉን እየጎተተ በየደጁ ቫይረስ የሚያዳርሰውም፣ ማስረጃውን የሚበላውም ውሻ ነው። ባዝራይቱን ከሌሎቹ፣ በተለይ ካረገዙት ለይታችሁ ለብቻ እሰሩ፤ ውኃ መጠጫዋም አካፋዋም የራሷ ይሁን። እሷን የሚንከባከበው ሰው ጤነኞቹን አስቀድሞ ይጨርስና ወደ እሷ በመጨረሻ ይሂድ። ሄርፒሱ ሰው አይዝም፤ ሳልሞኔላና ሌፕቶስፒራ ግን ይይዛሉና ያለ ጓንት አትንኩ፣ ያረገዘች ሴት ጭራሽ አትቅረብ። ናሙና ከተወሰደ በኋላ ጭንጋፉ፣ የእንግዴ ልጁና የረጠበው ጭድ በጥልቅ ይቀበር ወይም ይቃጠል። ወለሉን አስቀድማችሁ ጠርጋችሁ በሳሙና እጠቡ፤ ከዚያ አንድ እጅ በረኪና በአሥር እጅ ውኃ በጥብጣችሁ ድፉበት። እበትና ጭድ ላይ የተደፋ በረኪና ኃይል የለውም።

መድኃኒቱን ለሚጠይቁኝ፦ ባዝራይቱ አብዛኛውን ጊዜ ራሷ ትድናለች፣ በሚቀጥለው ዓመትም ትወልዳለች። ኦክሲቴትራሳይክሊን የሚባለውን ፀረ ባክቴሪያ መውጋት ለቫይረሱ ምንም አያደርግም።

ናሙናው፦ እዚህ ላይ አትቸኩሉ

ከሁሉ በላይ የሚናገረው የጭንጋፉ ሥጋ ነው። ሳንባ፣ ጉበት፣ ጣፊያ፣ ከልብ ፊት ለፊት ያለው ቲመስ የሚባለው እጢ፣ ከእንግዴ ልጁም ቁራጭ፤ እያንዳንዱ የአውራ ጣት ጫፍ የሚያህል፣ እያንዳንዱ በየራሱ ንጹሕ ዕቃ። ቢላውን ከአንዱ ወደ ሌላው ስትሄዱ ለውጡ፤ ምላጭ ርካሽ ነው። ፒሲአር ጥቂት የቫይረስ ዘረ መል አብዝቶ የሚያሳይ መሣሪያ ስለሆነ ቢላ ላይ የቀረች ጠብታ የአንዱን ጭንጋፍ በሽታ ለሌላው ታወርሰዋለች።

ከእናቲቱ ሁለት ነገር ውሰዱ። አንደኛው በረዥም ስዋብ (ናሙና መጥረጊያ ዘንግ) ከአፍንጫዋ ጥልቀት የሚወሰድ ነው። የእንጨት እጀታ ያለውን የጥጥ ስዋብ ተዉት፣ ከፖሊስተር የተሠራው ይሻላል። ሁለተኛው ደም ነው፤ ሐምራዊ ክዳን ባለው፣ ደም እንዳይረጋ በሚያደርገው የኢዲቲኤ ቱቦ ይቀዳና ሳይናጥ ስምንት አሥር ጊዜ በቀስታ ይገለባበጣል። አረንጓዴ ክዳን ያለው ቱቦ ሄፓሪን አለው፤ ሄፓሪን የፒሲአሩን ሥራ ያሰናክላል።

ፎርማሊን ውስጥ የሚገባው ሥጋ በማይክሮስኮፕ ለሚታየው ብቻ ነው። ለፒሲአር የሚሄደው ደረቅ ወይም በቫይረስ ማጓጓዣ ፈሳሽ ውስጥ፣ 4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ፣ በአይስ ቦክስ ይሂድ። ቱቦው ላይ በማይጠፋ እስክሪብቶ ጻፉ፤ ከጎኑ ወረቀት ይኑር፦ የስንት ወር እርግዝና፣ መቼ ጣለች፣ ሌላ የጣለ አለ ወይ፣ ከየት መጥታ ነበር፣ አህያ አብሯት ይውላል ወይ፣ ምን ተከትባለች። ይህን ወረቀት የማይሞላ ባለሙያ ሲያጋጥመኝ ያመኛል፤ ላቦራቶሪው ምን እንደሚፈልግ የሚያውቀው ከዚያች ወረቀት ነውና።

ምልክት፦ ውጤቱ ነጌቲቭ ተባለ፣ ባዝራዎቹ ግን መጣላቸውን አላቆሙም

እኔም ደርሶብኛል። ዓርብ ማታ በአውቶብስ የላክሁት ሳጥን ቅዳሜና እሑድን አንድ መናኸሪያ ዕቃ ክፍል ውስጥ አሳለፈ። ሰኞ ሲከፈት በረዶው ውኃ ሆኖ፣ ሥጋው ላሽቆ ነበር። ነጌቲቭ የሚል ወረቀት መጣ፣ ባለቤቱም ደስ አላቸው፣ ለይተው ያሰሯትን ባዝራ ፈቱ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ሁለተኛዋ ጣለች። እሑድ ለሰኞ መላክ ስችል ለምን ዓርብ እንደላክሁ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ምክንያቱ ከአራቱ በአንዱ ይገኛል። ናሙናው ሞቆ ተበላሽቷል። ወይም የተወሰደው ከትክክለኛው ቦታ አይደለም፤ ለምሳሌ የእናቲቱ ደም ብቻ ተልኮ ጭንጋፉ ተቀብሯል፣ ስትጥል ደግሞ ቫይረሱ ከደሟ ጠፍቶ ሊሆን ይችላል። ወይም በናሙናው ውስጥ ያለ የደም ቀለም፣ አፈር ወይም ሄፓሪን ምርመራውን አፍኖታል። ወይም ጥያቄው ተሳስቷል፤ ፒሲአር የሚያገኘው የተፈለገውን ብቻ ነው። ለሄርፒስ የተዘጋጀ ፕራይመር (የሚፈለገውን ዘረ መል የሚያድን ቁራጭ) ሳልሞኔላን አያይም።

መፍትሄ። ላቦራቶሪውን «የውስጥ መቆጣጠሪያው (ምርመራው ራሱ መሥራቱን የሚያሳየው) ሠርቷል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። እሱ ካልሠራ ወረቀቱ ነጌቲቭ ሳይሆን «አልታወቀም» ነው። ከሠራ የትኞቹ ቫይረሶች እንደተፈለጉ ጠይቁ። ሌላ ባዝራ ከጣለች እንደ አዲስ ከጭንጋፉ ውሰዱ፤ በባሕር ዳር ላለው የክልሉ የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪ አስቀድማችሁ ደውሉ፣ በሰበታ ወዳለው የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት መላክ ካስፈለገ ሳጥኑ በሥራ ቀን ጠዋት እንዲደርስ አድርጉ። የእናቲቱን የደም ውኃ ሁለት ጊዜ፣ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት አራርቆ ማስመርመርም ይረዳል፤ አንድ ጊዜ ብቻ የተወሰደ ፀረ እንግዳ አካል ግን ድሮ ተይዛ እንደነበረ እንጂ ለምን እንደጣለች አይናገርም።

ምልክት፦ ፖዘቲቭ ነው፣ ግን ማመን አቃተን

ወረቀቱ ላይ ሲቲ የሚባል ቁጥር አለ፤ ማሽኑ ዘረ መሉን ለማየት ስንት ዙር እንደፈጀበት ይናገራል። ቁጥሩ ሲያንስ ቫይረሱ ብዙ ነው። ከጭንጋፍ ሳንባ ወይም ጉበት 20 አካባቢ ከመጣ ክርክር የለም። ከጤነኛ ባዝራ ደም 37 ከመጣ ግን የተኛ ቫይረስ ወይም የናሙና መነካካት ሊሆን ይችላል፤ ናሙናው ይደገም። ከኢኤችቪ-1 ጋር በጣም የሚቀራረቡ የአህያ ሄርፒሶችም አሉ። በጣና ዙሪያ በቅሎ ለማግኘት ባዝራና የአህያ ድንጉላ አብረው ስለሚውሉ ጥርጣሬ ካለ ዘረ መሉ ተነብቦ እንዲለይ ጠይቁ።

ከታመነ መንጋውን ቆልፉ። ፈረስ አይግባ፣ አይውጣ፣ ገበያ አይሂድ፣ ለፈረስ ጉግስም አይውጣ። የመጨረሻዋ ከታመመች ወይም ከጣለች 28 ቀን ይቆጠር፤ አዲስ ከታየ ቆጠራው እንደገና ከአንድ ይጀምር።

ምልክት፦ የኋላ እግሯ ይዝላል፣ ጭራዋ ይላላል፣ ሽንቷ ይንጠባጠባል

ይህ የዚያው ቫይረስ የነርቭ መልክ ሊሆን ይችላል፤ በአገራችን የሥራ እንስሳት ላይም ተገኝቷል። የቫይረሱን ዘረ መል ማባዣ በሚሠራው ክፍል፣ በ2254ኛው ቦታ ላይ ያለች አንዲት ፊደል ከኤ ወደ ጂ ስትለወጥ ቫይረሱ ነርቭ የማጥቃት ዝንባሌው ይጨምራል፤ ላቦራቶሪው ይህቺን ፊደል ለይቶ ማንበብ ይችላል። ፊደሏ ኤ የሆነችበት ቫይረስም አንዳንዴ ሽባ ያደርጋልና በእሷ ብቻ አትዘናጉ።

ግን ከሁሉ በፊት፦ እንዲህ ያለ ፈረስ አፉ ውስጥ እጃችሁን አታስገቡ። የእብድ ውሻ በሽታም በፈረስ ላይ እንዲሁ ሊጀምር ይችላል። ምራቁ የነካው ቁስል ካለ በሳሙናና በወራጅ ውኃ ለ15 ደቂቃ ታጥቦ በዚያው ቀን ጤና ተቋም ይኬድ።

ምልክት፦ ክረምቱ ሲወጣ ከባድ ትኩሳት፣ ከዓይን በላይ እብጠት፣ ከአፍንጫ አረፋ

ሄርፒስ አይደለም፤ የአፍሪካ ፈረስ በሽታን ጠርጥሩ። ጣና ዳር ረግረጉና እርጥብ እበቱ የሚያረባቸው፣ ከትንኝ በጣም ያነሱ ተናካሽ ነፍሳት ያስተላልፉታል። ቫይረሱ ዘጠኝ ዓይነት ነው፤ በሳንባ መልኩ የያዛቸው ፈረሶች አብዛኞቹ ይሞታሉ፣ በቅሎ ይሻላል፣ አህያ ብዙ ጊዜ ምልክት እንኳ አያሳይም። ደም በኢዲቲኤ የሚወሰደው ትኩሳቱ እያለ ነው፣ ከሞተ ጣፊያና ሳንባ። በቅርብ ከተከተበ ለላቦራቶሪው ንገሩ፤ ክትባቱ ሕያው ቫይረስ ስለሆነ ፒሲአሩ እሱን ሊያገኝ ይችላል። ክትባቱ ከክረምቱ በፊት ይሰጥ፤ ነፍሳቱ በብዛት የሚነክሱት ከምሽት እስከ ንጋት ስለሆነ ፈረሶቹ ጀንበር ሳትጠልቅ ጋጣ ይግቡ።

ምልክት፦ ድንጉላው ጤነኛ ነው፣ ያጠቃቸው (የተገናኛቸው) ባዝራዎች ግን ይታመማሉ ወይም ይጥላሉ

የፈረስ ቫይራል አርተራይቲስ የሚባለውን አስቡ። ቫይረሱ መጀመሪያ የተለየው በ1953 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት ከጭንጋፍ ሳንባ ነው። ድንጉላ አንዴ ከተያዘ በብልት እጢዎቹ ውስጥ ለዓመታት ሊሸከመው፣ በዘሩ ሊያስተላልፈው ይችላል፤ በውጭ ግን አንዳች አይታይበትም። አስቀድሞ የደም ውኃው ይመርመር። ፀረ እንግዳ አካል ከሌለው ተሸካሚ አይደለም። ካለውና ለዚህ በሽታ ካልተከተበ፣ ዘሩ ተወስዶ በፒሲአር ይመርመር። ዘሩ ውስጥ ከተገኘ ከእርባታ ይውጣ ወይም ይኮላሽ፤ ቫይረሱ የሚኖረው በወንዴው ሆርሞን ተደግፎ ስለሆነ ሰንጋ ከሆነ በኋላ ቀስ በቀስ ይጠፋል።