ለጨዋታ ያቀረቡት የማሻሻያ ሐሳብ ሰሚ ሲያጣ፤ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሔው

በደሴ ከተማ አራት ስክሪን ያላት ትንሽ ጌም ቤት እያስተዳደርሁ ባሳለፍኋቸው ዓመታት፣ ደንበኞቼ ለጨዋታ ሠሪዎችና በየአገሩ ላሉ ተጫዋቾች የጻፏቸውን ብዙ የማሻሻያ ሐሳቦች አንብቤያለሁ፤ ጥቂቶቹንም አብሬያቸው ጽፌያለሁ። አብዛኞቹ ወይ ተሰድበውባቸዋል ወይ መልስ አላገኙም። የሚያስቆጨው ሐሳቦቹ መጥፎ አለመሆናቸው ነው። ልጆቹ በቀን ሦስትና አራት ሰዓት ስለሚጫወቱ የጨዋታውን ጉድለት ጠንቅቀው ያውቃሉ፤ ሲጽፉት ግን የደረሰባቸውን ትተው መድኃኒቱን ብቻ ያዝዛሉ። ከዚህ በታች ደጋግሜ ያየኋቸውን ምልክቶች ከነመንስኤያቸው አስቀምጣለሁ።

ሐሳቡ እንደቀረበ ተቃውሞ ይዘንብበታል

አንድ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የሆነ ደንበኛዬ አምስት ለአምስት የሚደረግ የቡድን ጨዋታ በስልኩ ይጫወታል። አንድ ምሽት በጨዋታው መሀል መብራት ሄደ፤ ዋይፋዩም አብሮ ጠፋ። ልጁ ተመልሶ ሲገባ ጨዋታው «ጥሎ የወጣ» ብሎ መዝግቦት፣ ነጥቡን ቀንሶና ለተወሰነ ጊዜ አግዶት ጠበቀው። በዚያው ንዴት «አቋርጦ ለሚወጣ ተጫዋች የሚሰጠው ቅጣት ሙሉ በሙሉ ይነሣ፤ ፍትሕ የለም» ብሎ ጻፈ። በማግሥቱ ስልኩን ይዞ መጣና «ጋሼ፣ ወላሂ እኔ መቼ ሸሸሁ? ሁሉም ሸሺ እያለኝ ነው» አለኝ።

መንስኤው ከጽሑፉ የጎደለው ነገር ነው። አንባቢዎቹ መብራት መሄዱን አያውቁም፤ ልጁ አልነገራቸውምና። እነርሱ የሚያውቁት የራሳቸውን ቁስል ነው፤ ቡድኑ መሸነፍ ሲጀምር አንዱ ጥሎ ይወጣል፣ አራቱ ከአምስት ጋር ሲንገላቱ ያመሻሉ። ለእነርሱ ቅጣቱ ያላቸው ብቸኛ መከላከያ ነው፤ «ይነሣ» የሚል ሰው ደግሞ ከሸሺዎቹ ወገን ይመስላቸዋል። እኔም በእነርሱ ቦታ ብሆን ከዚህ የተለየ ነገር የምናገር አይመስለኝም።

መፍትሔው በመጀመሪያ የደረሰውን፣ ቀጥሎ ያለው ደንብ ያንን ለይቶ ማየት ያልቻለበትን ምክንያት፣ በመጨረሻም የሚበቃውን ትንሹን ለውጥ መጻፍ ነው። ልጁን «አብሽር፣ ሁለት ሳምንት መዝግብ» አልሁት። ከሒሳብ ደብተሩ ኋላ መብራት ሲሄድ «መ»፣ መብራት እያለ ዋይፋይ ሲቋረጥ «ዋ» እያለ ሰዓቱን ጻፈ። ስድስት ጊዜ ከመስመር ወጥቶ ነበር፤ ስድስተኛው ግን የራሱ ስልክ ባትሪ አልቆ ነው፤ እርሱን ሊደብቀው ፈልጎ ነበር፤ እንዲጽፈው አደረግሁት። አዲሱ ጽሑፍ እንዲህ ሆነ፦

«በምኖርበት ከተማ የኤሌክትሪክ ኃይል ይቆራረጣል። ባለፉት 14 ቀናት በጨዋታ መሀል 6 ጊዜ ከመስመር ወጥቻለሁ፤ አንዱ የራሴ ጥፋት ነው፣ የስልኬ ባትሪ አልቆ ነበር። በቀሩት 5 ጊዜያት ከ4 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ በስልክ ዳታ ተመልሼ ነበር፤ ሆኖም ጨዋታው መልሶ አላስገባኝም። ጥሎ የሚሸሽ ተጫዋች ቅጣት እንዲቀርለት አልጠይቅም። የምጠይቀው ግንኙነቱ የተቋረጠበት ተጫዋች በ5 ደቂቃ ውስጥ ተመልሶ መግባት እንዲችልና እስከ መጨረሻው ከተጫወተ እንዳይቀጣ ነው። ሆን ብሎ ኢንተርኔቱን እያጠፋ ይህን መላ የሚጠቀምበት ሊኖር ስለሚችል፣ ዕድሉ በቀን 2 ጊዜ ብቻ ቢሆን አልቃወምም።»

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ሥራውን የሠራው «አልጠይቅም» የምትለው ዓረፍተ ነገር ናት ብዬ አምናለሁ፤ ተቃዋሚው የሚፈራውን ከአፉ ቀድማ አንሥታ አስቀምጣዋለችና። የባትሪው ኑዛዜም ቀላል አይደለም፤ የራሱን ጥፋት የጻፈ ሰው አምስቱን ዋሽቷል ብሎ የሚጠረጥረው የለም።

ማንም አይመልስም

ዝምታ ከስድብ ይልቅ ያደናግራል፤ መንስኤው ብዙ ሊሆን ይችላልና። መጀመሪያ የሚመረመረው ርእሱ ነው። «እባካችሁ አንብቡት» ወይም «ጨዋታውን እያበላሻችሁት ነው» የሚል ርእስ ስለ ምን እንደሚያወራ አይናገርም፤ «ግንኙነቱ የተቋረጠ ተጫዋች በ5 ደቂቃ ውስጥ ተመልሶ ይግባ» የሚለው ግን ውስጡ ሳይነበብ እንኳ ሐሳቡን ያስተላልፋል።

ሁለተኛው መንስኤ ዘጠኝ ሐሳብ በአንድ ጆንያ መክተት ነው። አንባቢው ሁለቱን ወድዶ ሦስቱን ከጠላ፣ ደግፌያለሁም ተቃውሜያለሁም ማለት አይችልምና ዝም ብሎ ያልፋል። ሐሳቦቹ ይነጣጠሉ፤ የሚቀድመው አንድ ብቻ ይሁን። ሦስተኛው፣ ሐሳቡ ከዚህ በፊት በሌሎች ብዙ ጊዜ ተነሥቶ መሆኑ ነው። አስቀድሞ መፈለግ፣ የቀደመው ከተገኘም አዲስ ከመክፈት ይልቅ የራስን ማስረጃ በዚያ ላይ መጨመር ይመረጣል።

በእኛ አገር ጎልቶ የሚታይ አራተኛ መንስኤም አለ፤ እርሱም ሰዓትና ዓመተ ምሕረት ነው። አንድ ወጣት «ሁልጊዜ 2 ሰዓት ላይ ሰርቨሩ (ጨዋታውን ከሩቅ ሆኖ የሚያስተናግደው ኮምፒውተር) ይጨናነቃል» ብሎ ጽፎ፣ በሌላ አገር ያለ ተጫዋች «በዚያ ሰዓት ገብቼ አየሁ፣ ምንም የለም» ብሎ መለሰለት። ልጁ ማታ ሁለት ሰዓት ማለቱ ነበር፤ በውጭው አቆጣጠር 20፡00 ነው፤ እኛ ከዓለም አቀፉ ሰዓት በ3 ሰዓት ስለምንቀድም ደግሞ በዚያ ሲጻፍ 17፡00 ይሆናል። ዓመቱም እንዲሁ ነው፤ 2017 ዓ.ም. ብሎ የተጻፈ ማስረጃ ለማያውቀው ሰው የሰባት ወይም የስምንት ዓመት አሮጌ ይመስለዋል። ስለዚህ በዓለም አቀፉ ሰዓትና በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር መጻፍ ይገባል።

የጨዋታውን ስምና እትም በትክክል መጥራትም ከዚሁ የሚቆጠር ነው። በእኛ ጌም ቤት ሁሉም የእግር ኳሱን ጨዋታ «ፊፋ» ይለዋል፤ ነገር ግን ጨዋታው እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ ኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲ ተብሏል፤ «ፔስ» የምንለው ሌላው የእግር ኳስ ጨዋታም እ.ኤ.አ. በ2021 ኢፉትቦል ሆኗል። «ፊፋ ላይ በረኛው አይዘልም» የሚል ጽሑፍ የትኛውን ዓመት ጨዋታ፣ በየትኛው ፕሌይስቴሽን ወይም ስልክ፣ ከየትኛው አፕዴት በኋላ እንደሆነ ካልገለጸ፣ ሠሪው ችግሩን እንደገና ፈጥሮ ሊያየው አይችልም።

«ጨዋታው ይዘገያልና አስተካክሉ» ሲባል «የራስህን ኢንተርኔት አስተካክል» የሚል መልስ ይመጣል

ይህ መልስ ያናድዳል፤ ግማሹ ግን እውነት ነው። በፋይበር ውስጥ ብርሃን በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ከደሴ ጀርመን ፍራንክፈርት በቀጥታ መስመር እንኳ ከ5,000 ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ ስለዚህ ሰርቨሩ እዚያ ከሆነ አንድ ምልክት ሄዶ ለመመለስ ቢያንስ 50 ሚሊሰከንድ ይፈጅበታል፤ መስመሩም ቀጥ ብሎ ስለማይሄድ በተግባር ከዚህ በላይ ይሆናል። ይህን ማንም ፕሮግራመር በኮድ አያስወግደውም። «አስተካክሉ» የሚለው ቃል ሊስተካከል የሚችለውን ከማይችለው ስለማይለይ ጽሑፉ እንደ እሮሮ ብቻ ይነበባል።

መፍትሔው ሁለቱን መለየት ነው። ለአንድ ሳምንት በተለያየ ሰዓት ጨዋታው ራሱ የሚያሳየውን ፒንግ (ምልክቱ ሰርቨሩ ደርሶ ለመመለስ የሚፈጅበትን ጊዜ) መዝግቡ፤ በዋይፋይና በስልክ ዳታም ለየብቻ ሞክሩት። ቁጥሩ ሁልጊዜ ከፍ ያለ ግን የተረጋጋ ከሆነ ጉዳዩ ርቀት ነው፤ ጥያቄውም «ለምሥራቅ አፍሪካ የሚቀርብ ሰርቨር ይከፈት» ወይም «ተጫዋቹ ሰርቨሩን ራሱ ይምረጥ» መሆን አለበት። ቁጥሩ በአንዴ ከፍ ዝቅ የሚልና ማታ ማታ የሚብስ ከሆነ ግን ጣጣው ከቤታችሁ መስመር ሊሆን ስለሚችል ወደ ጨዋታው ሠሪ መጻፉ አይጠቅምም። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ ለአንድ ጨዋታ ረዥም አቤቱታ ከላክሁ በኋላ፣ ከአራቱ ስክሪኖች በአንዱ ላይ ትልቅ ፋይል እየወረደ እንደነበረ ደርሼበታለሁ። አቤቱታውን መልሼ አነሣሁ፤ ማፈሩ ግን አልቀረልኝም።

ሁሉም ይስማማል፤ የሚለወጥ ነገር ግን የለም

እዚህ ላይ መንስኤው ብዙውን ጊዜ ዋጋው ነው። ሐሳቡ ለአንባቢ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ለሠሪው ግን የወራት ሥራና ሌላ ቦታ የሚያስከትለው ብልሽት ነው። ማይንክራፍትን እንውሰድ። የጨዋታው ዓለም በሰከንድ 20 ጊዜ ይሰላል፤ ማለትም ሁሉም ነገር በ50 ሚሊሰከንድ ውስጥ ተሰልቶ ማለቅ አለበት። «እያንዳንዱ ዛፍ በየጊዜው ነፋሱን እያየ ይወዛወዝ» የሚል ያማረ ሐሳብ፣ ስሌቱ ከ50 ሚሊሰከንድ ካለፈ ለሁሉም ተጫዋች ጨዋታውን ያዘገየዋል። ዛፉ ለዓይን ብቻ እንዲወዛወዝ፣ ስሌቱም በተጫዋቹ መሣሪያ ላይ ብቻ እንዲሆን ቢጠየቅ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው።

ዋጋው የተጫዋቾችን ልማድም ይጨምራል። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው የማይንክራፍት 1.9 እትም ከእያንዳንዱ የሰይፍ ምት በኋላ ኃይሉ እስኪሞላ መጠበቅን አመጣ፤ በፍጥነት እየደጋገሙ መምታትን ለምደው ከነበሩ ተጫዋቾች ብዙዎቹ ግን በቀደመው 1.8 እትም ላይ ቀሩ፤ ለዚያ እትም የቆሙ ሰርቨሮችም ለብዙ ዓመታት ቆዩ። ስለዚህ «የጦር መሣሪያው ይዳከም» የሚል ሰው በዚያ መሣሪያ የሚኖሩት ተጫዋቾች ምን እንደሚቀራቸው አብሮ መጻፍ አለበት። ራሱ ሁልጊዜ በሚሸነፍበት መሣሪያ ላይ ከሆነ ደግሞ ይህንኑ ይናገር፤ ሌሎቹ ማወቃቸው አይቀርም።

የአማርኛ ጉዳይ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ብዙ ልጆች «ጨዋታው አማርኛ ይኑረው» ብለው ይጽፋሉ። ሙሉ ትርጉም ትልቅ ወጪ ነው፤ በሺዎች የሚቆጠር ዓረፍተ ነገር ሊሆን ይችላል፤ በየአፕዴቱም ይጨምራል። የሚያመን ግን ብዙ ጊዜ ከዚያ ያነሰ ነገር ነው፤ በመልእክት መለዋወጫው ላይ «ና ወደዚህ» ብለን ስንጽፍ ፊደሉ ጠፍቶ ባዶ ሣጥኖች ይደረደራሉ። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ኮምፒውተሮች ፊደላትን በሚለዩበት ዓለም አቀፍ ደንብ፣ በዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ስለገባ፣ ከጨዋታው የጎደለው አብዛኛውን ጊዜ ፊደሉን የያዘ ፎንት (የፊደላቱን ቅርጽ የያዘ ፋይል) ብቻ ነው። የሣጥኖቹን ስክሪን ሾት ከጎኑ ያንኑ ጽሑፍ በስልኩ መልእክት ላይ በትክክል ከሚያሳይ ሌላ ስክሪን ሾት ጋር አያይዞ «ፊደሉን የያዘ ፎንት ይጨመር» ማለት ሊሠራ የሚችል ጥያቄ ነው። ሙሉ ትርጉሙ ለሌላ ቀን ይቆይ።

ጨዋታው የተጫዋቾችን ማሻሻያ የሚፈቅድ ከሆነ ከሁሉ የሚበልጠው ሠርቶ ማሳየት ነው። ካውንተር ስትራይክ የተባለው የተኩስ ጨዋታ እ.ኤ.አ. በ1999 ሁለት ወጣቶች በሃፍ ላይፍ ጨዋታ ላይ የሠሩት ማሻሻያ ነበር፤ በዓመቱ ራሱን የቻለ ጨዋታ ሆኖ ወጣ። ዶታ የተባለው የቡድን ጨዋታም የተወለደው ተጫዋቾች በዋርክራፍት 3 ላይ ከሠሩት ካርታ ነው። ይህ ለሁሉም የሚቻል እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ነገር ግን በወረቀት ላይ በእስክሪብቶ የተሣለ የአዝራሮች አቀማመጥ እንኳ ከሁለት ገጽ ገለጻ ይሻላል።

ጽሑፉ በሌላ ትርጉም ይነበባል

ብዙዎቻችን በአማርኛ አስበን በማሽን አስተርጉመን እንልካለን። አንድ ልጅ «አጨዋወቱ አንጀት አያርስም» ብሎ አስተርጉሞ፣ የወጣው ጽሑፍ ስለ ሆድ ዕቃ የሚያወራ ሆኖ ሰው ሲሳሳቅበት አይቻለሁ። መፍትሔው ከመተርጎሙ በፊት አማርኛውን ማቅለል ነው፤ ፈሊጡን ማውጣት፣ ዓረፍተ ነገሩን ማሳጠር፣ ባለቤቱን ግልጽ ማድረግ። ከተተረጎመ በኋላ ወደ አማርኛ መልሶ ማስተርጎምና ሐሳቡ እንዳለ መመለሱን ማየት ይቻላል።

ውይይቱ በጥሩ ተጀምሮ በጠብ ያልቃል

መንስኤው ባለሐሳቡ እያንዳንዱን ትችት በራሱ ላይ እንደተሰነዘረ መቁጠሩ ነው። ትችቱ ትክክል ከሆነ ጽሑፉን አሻሽሎ፣ ምን እንደተለወጠና በማን አስተያየት እንደተለወጠ ግርጌው ላይ መጻፍ ደጋፊን ያበዛል። ትችቱ ስድብ ብቻ ከሆነ መልስ አያስፈልገውም። የመብራቱን ልጅ፣ የሚያናድድ መልስ ሲመጣበት በረካው ሳይጠጣ እንዳይመልስ አስገድጄው ነበር፤ እናቴ ከሰዓት በኋላ ቡና የምታፈላው ከጌም ቤቱ አጠገብ ስለሆነ ከአቦል እስከ በረካ ድረስ አንድ ሰዓት ይበቃዋል። ሁለት ጊዜ ተቆጥቶ የጻፈውን ሳይልክ አጥፍቶታል።

በሁለተኛው ሳምንት እርሱ በማያውቀው አገር የሚኖር አንድ ተጫዋች፣ በእነርሱም ከተማ መብራት እንደሚቋረጥ ጽፎ የራሱን የአሥር ቀን መዝገብ ከልጁ ጽሑፍ ሥር ጨመረበት። ቀደም ሲል «ሸሺ» ካሉት አንዱ ደግሞ አምስት ደቂቃው ስለሚበዛ ሦስት ይሁን ብሎ ተከራከረ። ልጁ ደብተሩን ገልጦ የራሱን ቁጥሮች ቆጠረ፤ ከአምስቱ አራቱ ከሦስት ደቂቃ በታች ነበሩ። ቁጥሩን አስተካክሎ መልሶ ላከው።