ወደ አውሮፓ ለሚላክ የብረትና የአሉሚኒየም ምርት የካርቦን ሰነድ እንዴት ይዘጋጃል?

ባሕር ዳር ላይ አሉሚኒየም ከቻይና ወይም ከቱርክ እያስመጣችሁ በርና መስኮት ሠርታችሁ ወደ አውሮፓ ለመላክ ካሰባችሁ ከታሪፍ ቁጥሩ (ጉምሩክ ዕቃውን ከሚለይበት ኮድ) ጀምሩ። የአውሮፓ ኅብረት የካርቦን ድንበር ቀረጥ፣ ማለትም ዕቃው ሲመረት ለወጣው ካርቦን የሚከፈለው ሒሳብ፣ ከታኅሣሥ 23 ቀን 2018 ዓ.ም. ጀምሮ በሙሉ ሥራ ላይ ውሏል። የሚመለከተው ሲሚንቶ፣ ብረት፣ አሉሚኒየም፣ ማዳበሪያ፣ ሃይድሮጅንና ኤሌክትሪክን ነው። ሰሊጥና ቡና ላኪዎች አይነካቸውም። የአሉሚኒየም በርና መስኮት (7610) ይገባበታል፤ የአሉሚኒየም ድስት (7615) አይገባበትም።

ቀጥሎ ገዢያችሁን ጠይቁ። ከፋዩ እዚያ ያለው አስመጪ ነው። ከየትም የሚያስገባው ብረት፣ አሉሚኒየም፣ ሲሚንቶና ማዳበሪያ ተደምሮ በዓመት ከ50 ቶን ካልበለጠ ነፃ ነው።

ከዚህ በኋላ ያለው ነው ከባዱ። «መብራታችን ከጣና በለስ የሚመጣ የውኃ ኃይል ነው፤ ምን ካርቦን አለብን?» የሚል ባለ ወርክሾፕ ብዙ ነው። ክርክሩ ለሲሚንቶ ወይም ለማዳበሪያ ቢሆን ያስኬዳል። ለብረትና ለአሉሚኒየም ግን ሕጉ የሚቆጥረው በምርት ሂደቱ በቀጥታ የሚወጣውን ጋዝ ብቻ ስለሆነ የመብራቱ ምንጭ ለውጥ አያመጣም። ፕሮፋይል (በርና መስኮት የሚሠራበትን የአሉሚኒየም ዘንግ) መቁረጥና መግጠም ይህ ነው የሚባል ጋዝ አያወጣም፤ ዕዳው ያለው በተገዛው ፕሮፋይል ውስጥ ነው። ስለዚህ መረጃው የሚገኘው ከውጭ አገሩ ፋብሪካ ነው።

የሚጠየቀውም ኤል ሲ (ባንክ ለሻጩ የሚሰጠው የክፍያ ዋስትና) ከመከፈቱ በፊት ነው! ገንዘቡ ከተላለፈ በኋላ ደብዳቤ የጻፈ አንድ የከተማችን አምራች እስካሁን መልስ አላገኘም። ፕሮፎርማው ላይ አስጽፉ፦ ምርቱ የተመረተበት ፋብሪካ ስምና ቦታ፣ አሉሚኒየሙ ከማዕድን ይሁን ከቁርጥራጭ የቀለጠ፣ በአንድ ቶን የወጣው የካርቦን ዳይኦክሳይድ መጠን፣ ቁጥሩንም ያረጋገጠው ዕውቅና ያለው መርማሪ። ይህ ካልተገኘ ገዢው ኅብረቱ ትክክለኛ መረጃ ለሌለው ዕቃ ያወጣውን መነሻ ቁጥር ከነጭማሪው ለመጠቀም ይገደዳል፤ ልዩነቱም ከእናንተ ዋጋ ላይ ይቀነሳል።

ዕቃው ሲራገፍ እሽጉ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት ሠራተኞች ቀደው ከመጣላቸው በፊት ፎቶ አንሡት። የምርት ቁጥሩ ከፋብሪካው ሰነድ ጋር የሚመሳከረው በእሱ ነው።

ሚዛን አትርሱ። 10 ቶን ፍሬም ለመሥራት 11 ቶን ፕሮፋይል ከፈጀ የሚቆጠረው የ11ዱ ቶን ጋዝ ነው። ለስሌቱ ውድ ሶፍትዌር መግዛት ገንዘብ መጣል ነው፤ ኤክሴል ይበቃል።

ገዢው የ2026 እ.ኤ.አ. ጭነት መግለጫ የሚያቀርብበት የመጨረሻ ቀን መስከረም 19 ቀን 2020 ዓ.ም. ነው። እናንተ ግን ሰነዱን ከእያንዳንዱ ጭነት ደረሰኝ ጋር ላኩት።