የኬሞ ማቅለሽለሽን በአውራ ጣት ለማስታገስ፦ ለአስታማሚ

አክስቴ ከቆላድባ ለኬሞ፣ ማለትም ለካንሰር መድኃኒት ሕክምና፣ ወደ ጎንደር ስትመጣ የምታርፈው ማራኪ ሰፈር፣ እኛ ቤት ነው። መድኃኒቱን በወሰደች ማግስት ሽንኩርት ሲቁላላ ሽታውን ሸሽታ ጓሮ ትቀመጣለች። በሁለተኛው ዙር ቡናም ጠላች። «ቡና አትቁሉብኝ» የሚል ቃል ከእሷ አፍ ሲወጣ ነው የነገሩ ክብደት የገባኝ። ማስመለሱን ሐኪሙ ያዘዘላት ክኒን ያዘላት፤ ማቅለሽለሹ ግን እየተመላለሰ አስቸገራት። በኋላ አንዲት ነርስ የእጇን አንጓ ይዛ አንዲት ቦታ አሳየችን። በቻይና አኩፓንክቸር ኔይጓን ትባላለች፤ «የውስጥ በር» እንደ ማለት ነው። ባለሙያው በቀጭን መርፌ የሚወጋትን ይህችን ነጥብ አስታማሚም ሆነ ታማሚ በአውራ ጣት ሊጫናት ይችላል።

ክኒኑ ይቅደም

ሐኪሙ ለማቅለሽለሽ ያዘዘው መድኃኒት፣ ኦንዳንሴትሮንም ይሁን ሌላ፣ በሰዓቱ ይወሰድ። ማቅለሽለሽ አንዴ ከበረታ መመለሱ ይከብዳልና ሲብስ ለመዋጥ ብሎ ማቆየት ስህተት ነው። ጣት ክኒኑን ያግዛል እንጂ አይተካውም።

እጁን መምረጥ

በጡት ካንሰር ምክንያት የብብት ዕጢዎቿ የወጡላት ሴት ከሆነች በዚያ በኩል ያለውን እጅ ተዉት፤ ሌላኛውን ተጠቀሙ። ግሉኮስ የተሰካበትን፣ ያበጠውንና ቁስል ያለበትንም እንደዚሁ። ፕሌትሌቷ (ደም እንዲረጋ የሚያደርገው የደም ክፍል) ዝቅ ብሏል ከተባለ ቆዳዋ በቀላሉ ይበልዛልና ከመጫናችሁ በፊት ሐኪሟን ጠይቁ።

ነጥቧን ማግኘት

እኔ የተሳሳትኩት እዚህ ላይ ነው። የእጇን መዳፍ ወደ ላይ አድርጌ፣ ከአንጓዋ መስመር ጀምሬ ሦስት ጣት ለካሁ፤ ሦስት የእኔን ጣት። የእኔ ጣት ወፍራም፣ የእሷ ክንድ ቀጭን፤ ነጥቧን አልፌ ወደ ክርኗ እየሄድኩ ኖሯል። ሁለት ቀን ሙሉ ያለ ቦታው ስጫን ከረምኩ። መለኪያው የታማሚዋ የራሷ ጣት ነው።

የሌላ እጇን ሌባ ጣት፣ የመሃል ጣትና የቀለበት ጣት ገጥማ በክንዷ ላይ በአግድም ታሳርፍ። የቀለበት ጣቷ የአንጓውን መስመር ይንካ። ሌባ ጣቷ በክርኗ በኩል በሚያበቃበት፣ ከክንዱ መሃል ላይ፣ በሁለት ጅማቶች መካከል ጎድጎድ ያለ ቦታ ታገኛላችሁ። ጅማቶቹ አልታይ ካሉ አውራ ጣቷንና ትንሿን ጣቷን አገናኝታ አንጓዋን ጥቂት ታጥፍ፤ ብቅ ይላሉ። አንደኛው ጅማት ከተፈጥሮው የሌለው ሰውም አለ፤ ያኔ የክንዱን መሃል ያዙ።

መጫን

ጥፍራችሁን ቁረጡ። አውራ ጣታችሁን በነጥቧ ላይ አሳርፋችሁ ጠበቅ አድርጉና በትንሽ በትንሹ እያዞራችሁ ከሁለት እስከ ሦስት ደቂቃ ተጫኑ፤ ከዚያ ሁለተኛውን እጅ፣ የሚከለክል ነገር ከሌለው። ጫናው ሊሰማት ይገባል፤ ሊያማት ግን አይገባም። በጅማቶቹ መካከል ወደ ጣቶቿ የሚሄድ ነርቭ ያልፋል፤ ጣቷን ከነዘራት ወይም ከደነዘዛት ወዲያው ጫናውን ቀንሱ።

በቀን ብዙ ጊዜ መደጋገም ይቻላል። እኛ ከቤት ከመውጣታችን በፊት፣ ባጃጅ ውስጥ፣ ከምግብ በፊት እና ጎረቤት ሽንኩርት መቁላት ሲጀምር እናደርገው ነበር። ባዶ ሆድ ማቅለሽለሽን ያብሳል፤ አጥሚት በትንሽ በትንሹ ቢሰጣት ይሻላል። በጾም ወቅት ይህ ጉዳይ የሚያስጨንቃት ከሆነ የንስሐ አባቷን ማነጋገር ነው።

አስታማሚ ሁልጊዜ አጠገቧ ላይሆን ይችላል። ሰፋ ባለ ላስቲክ ላይ ድቡልቡል ቁልፍ ሰፍቼ፣ ቁልፉ ነጥቧ ላይ እንዲያርፍ አንጓዋ ላይ አጠለቅሁላት። እጇን ሰርስሮ ምልክት እስኪተው ድረስ አይጥበቅ፤ ስትተኛም ይውለቅ።

መርፌውን ለሚያስብ

ባለሙያ የሚሠራው አኩፓንክቸር ባዶ ወሬ አይደለም። በ1997 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም የሰበሰበው ጉባኤ ኬሞ በሚያመጣው ማቅለሽለሽና ማስመለስ ላይ ጥሩ ውጤት እንደታየበት ተቀብሏል። በ2022 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የካንሰር ሐኪሞች ማኅበር ከአጋሩ ጋር ባወጣው መመሪያ ደግሞ አንዳንድ የጡት ካንሰር ክኒኖች ለሚያስከትሉት የመገጣጠሚያ ሕመም ሊሰጥ እንደሚችል ጽፏል። ካንሰሩን ራሱን ግን አያድንም፤ ያድናል ከሚላችሁ ሰው ራቁ።

ከዋግምት ጋርም አታምታቱት። ዋግምት በስቶ ደም ይስባል። የአኩፓንክቸር መርፌ ፀጉር የመሰለ ቀጭን ነው፤ ደም አይስብም፣ መድኃኒትም አይከትም። ኬሞ ነጭ የደም ሴልንና ፕሌትሌትን ስለሚያወርድ በዚያ ወቅት በምላጭ መበሳት ለኢንፌክሽንና ለመድማት ያጋልጣል። ለአክስቴ ዋግምት ያቀረበላት ዘመድ በክፋት አልነበረም፤ እኔ ግን እምቢ አልኩ፣ ዛሬም አልጸጸትም።

ለመርፌ ከመሄዳችሁ በፊት የካንሰር ሐኪሟ የቅርብ የደም ምርመራዋን አይቶ ይፍቀድ። መርፌው በፊታችሁ ከታሸገበት የሚከፈት፣ አንዴ ተወግቶ የሚጣል ይሁን። የካንሰሩ ዕጢ ባለበት፣ ጨረር ባረፈበት ቆዳና ባበጠ እጅ ላይ አይወጋ። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የምትወስድ ከሆነ ንገሩ።

ጣት የማይበቃበት

ሙቀቷ 38 ዲግሪ ከደረሰ፣ ውኃ እንኳ አልረጋ ካላት፣ ደም ካስመለሰች፣ ወይም ሽንቷ ካነሰና ራሷን ካዞራት ሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል። እየተጫኑ እስኪነጋ መጠበቅ የለም። ኬሞ ላይ ላለ ሰው ትኩሳት ብቻውን ድንገተኛ ነው። ቴርሞሜትር ግዙ፤ ግንባር በመንካት የሚታወቅ ነገር አይደለም።

በአራተኛው ዙር አክስቴ የእኔን እጅ አልጠበቀችም። ሶፋው ላይ ጋደም ብላ፣ ሦስት ጣቷን አሳርፋ ለካችና አውራ ጣቷን አስቀመጠች። ከጎረቤት የቡና ሽታ መጣ። መስኮቱን ልዘጋ ስነሳ «ተወው ልጄ፤ ለእናንተም አፍሉ፣ እኔ ግን አልጠጣም» አለችኝ።